የሸክላው ድምፅና የሽማግሌው ድምፅ

በእንግሊዝና በአሜሪካ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ የኖረ ሰው ስለ ወጣትነቱ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አንድ መንገድ ይከተላል። መጀመሪያ በዐሥራ አምስት ወይም በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ያየውን ትርዒት ያነሣል፤ የቲኬቱን ዋጋ፣ አብሮት የሄደውን ጓደኛ፣ ወደ ቤቱ የተመለሰበትን የመጨረሻ ባቡር አይረሳም። ቀጥሎ ያንኑ ዘፋኝ ከዐርባና ከኀምሳ ዓመት በኋላ እንደ ገና ለማየት መሄዱን ይነግረናል። በመጨረሻም ፍርዱን ይሰጣል፤ ፍርዱም ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሽማግሌው ዛሬም እንደ ጥንቱ ነው ይላል፣ ወይ ድምፁ አልቋልና ቀደም ብሎ ማቆም ነበረበት ይላል። ይህ ዓይነቱ ምስክርነት እጅግ ስለ በዛ፣ የዚህን ሙዚቃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል፤ በጋዜጣ የሚወጣውም ሒስ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ሚዛን የተመዘነ ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይኸንኑ ሚዛን ነው። ሰውየው «እንደ ጥንቱ» ሲል ጥንቱን ከወዴት አገኘው? ከትርዒቱ አገኘሁት ይላል። እኛ ግን እንደሚመስለን በአብዛኛው ያገኘው ከሸክላው ነው። ይህም ከሆነ በብዙ ሽማግሌ ዘፋኞች ላይ የተሰጠው ፍርድ እንደ ገና መታየት የሚገባው ነው፤ ሽማግሌው የሚወዳደረው ከወጣትነቱ ጋር ሳይሆን ሕይወት ከሌለው፣ እርጅናም ከማይነካው ዕቃ ጋር ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን ትርዒት እናስቀድም። ኦገስት 15 ቀን 1965 ቢትልስ የሚባሉት አራት የሊቨርፑል ወጣቶች በኒው ዮርክ ከተማ በሺ ስታዲየም 55,600 ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ተጫወቱ። ስታዲየሙ የቤዝቦል መጫወቻ ነበረ፤ መድረኩም የቆመው በሜዳው ላይ ስለ ነበረ ከተመልካቹ የራቀ ነበረ። ቮክስ የተባለው ፋብሪካ ለዚያ ጉዞ ባለ መቶ ዋት የጊታር ድምፅ ማጉያ ሠርቶላቸዋል፤ የዘፈኑ ድምፅ ግን ለጨዋታ ማስታወቂያ መንገሪያ በተተከለው የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ይወጣ ነበር። ዛሬ ለአንድ መጠነኛ የሠርግ ድንኳን እንኳ ከዚያ የበረታ መሣሪያ ይመጣል። በዚህ ላይ የሕዝቡ ጩኸት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አላቋረጠም። ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር በእነዚያ ዓመታት የጓደኞቹን ድምፅ ለመስማት ስላልቻለ የጀርባቸውን እንቅስቃሴ እያየ ይከተላቸው እንደ ነበረ በኋላ ተናግሯል። እንግዲህ በመድረኩ ላይ ከጓደኞቹ ጥቂት ክንድ ርቆ የተቀመጠው ከበሮ መቺ ያልሰማውን ዘፈን በላይኛው ደርብ የቆመች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በሚገባ ሰምታዋለች ለማለት ያስቸግራል። የሰማችው የጓደኞቿን ጩኸትና የራሷን ጩኸት ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ምናልባትም የዚያ ቀን ትልቁ ነገር እርሱ ነበረ። ነገር ግን የጆን ሌነንን ድምፅ ያን ዕለት እንዴት እንደ ነበረ ብትመሰክርልን ምስክርነቷን የምንቀበለው በጥንቃቄ ነው።

የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ትርዒት በፊልም ተነሥቶ ነበርና፣ በቴሌቪዥን ከመታየቱ በፊት ድምፁ ለሰው ጆሮ የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጃንዋሪ 5 ቀን 1966 አራቱ ወጣቶች በለንደን ሲ.ቲ.ኤስ. በሚባለው የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ ገብተው አንዳንዱን ዘፈን እንደ ገና ዘፈኑ፣ በአንዳንዱ ላይ ድምፅ ጨመሩ፤ ለአንደኛው ዘፈን እንዲያውም የሸክላው ድምፅ ተወስዶ በሥዕሉ ላይ ተለጠፈ። ትዝታዋን ለማደስ ብላ ያን ፊልም የምታይ ሴት እንግዲህ ትዝታዋን የምታድሰው ከስታዲየሙ አይደለም፤ ከለንደን ስቱዲዮ ነው።

በዚያው በ1966 የጸደይ ወራት በለንደን የኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ መሐንዲስ የነበረው ኬን ታውንዘንድ አንዱን ድምፅ ሁለት አድርጎ የሚያሰማ ዘዴ አወጣ። ከዚያ በፊት ዘፋኙ ድምፁን ለማወፈር በራሱ ድምፅ ላይ ደግሞ እየዘፈነ ይደክም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያው ይህን ይሠራለት ጀመር። በሸክላው ላይ የምንሰማው ለጋና ሙሉ የሆነ ድምፅ ስለዚህ የአንድ ጉሮሮ ሥራ ብቻ አይደለም። ዘፋኙ በሃያ አምስት ዓመቱም ቢሆን በመድረክ ላይ ብቻውን ሊያሰማው የማይችለው ነበር። በሰባ አምስት ዓመቱ ስላላሰማው መወቀሱ ታዲያ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በዚህ አሳብ ላይ አንድ ጓደኛችን ጥሩ ተቃውሞ አቅርቦልናል። ሺ ስታዲየም የ1965 ጉዳይ ነው፤ ከ1970 ወዲህ ግን የድምፅ ማጉያው ጥበብ እጅግ ስለ ተሻሻለ ተመልካቹ ዘፋኙን በደንብ ሰምቷል፤ ስለዚህ ትዝታው የራሱ ነው፣ አለን። እውነት ነው፤ ሰምቷል። ቢሆንም ሒሳቡን እንመልከት። አንድ አፍቃሪ የሚወደውን ሸክላ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰማው በኀምሳ ዓመት ውስጥ 2,600 ጊዜ ሰማው ማለት ነው። ዘፋኙን በአካል ያየው ግን አንድ ጊዜ፣ ዕድለኛም ከሆነ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ነው። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ የተደገመው ነገር አንድ ምሽት የተሰማውን ሳይሸፍነው ይቀራል ብሎ ማመን የሰውን ልቡና አለማወቅ ይመስለናል። ዳዊት የሚደግም ተማሪ መጀመሪያ መዝሙሩን ከየትኛው መምህር አፍ እንደ ሰማው ሊያስታውስ ይችላል፤ የመምህሩን ዜማ ግን ከራሱ ዜማ ለይቶ ሊነግረን አይችልም።

ትዝታ ድምፅን ብቻ አይደለም የሚያሳስተው። ዲሴምበር 6 ቀን 1969 በካሊፎርኒያ በአልታሞንት በተደረገው የሮሊንግ ስቶንስ ትርዒት ላይ ሄልስ ኤንጅልስ የተባሉት ሞተር ብስክሌተኞች ለጥበቃ ተብለው ቆመው ሳለ፣ አንድ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት በመድረኩ አጠገብ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። በዚያን ጊዜ ይዘፈን የነበረው ስለ ሰይጣን የሚናገረው ዘፈን ነው ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ፤ ብዙ ሰዎችም እስከ ዛሬ እንደዚያው ያስታውሱታል። በ1970 የወጣው «ጊሚ ሼልተር» የተባለው ፊልም ግን ወጣቱ የተወጋው «አንደር ማይ ተም» የተባለው ሌላ ዘፈን ሲዘፈን መሆኑን በግልጥ ያሳያል። ስሕተቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከክፉ ሥራ ጋር የክፋት ዘፈን ይስማማልና፣ ትዝታ እንደ ጥሩ ተረተኛ የሚስማማውን መረጠ።

የማንቸስተር ከተማ ፍሪ ትሬድ ሆል ደግሞ ለእንዲህ ያለው ምርምር የተሠራ ይመስላል። ሜይ 17 ቀን 1966 ቦብ ዲላን በዚያ አዳራሽ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት፣ የቀድሞው የባላገር ዜማ ዘፋኝ ከዳን ብሎ የተናደደ አንድ ተመልካች «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ቃሉ በቅጂው ላይ በግልጥ ይሰማል። የጮኸው እኔ ነኝ ያሉት ግን ከአንድ በላይ ናቸው። ከዚህም በላይ ያ ቅጂ በስውር እየተባዛ ሲሸጥ የለንደኑ የሮያል አልበርት ሆል ትርዒት ነው ተብሎ ስለ ተሰየመ፣ በ1998 በሕጋዊ መንገድ ሲወጣ እንኳ የተሳሳተውን ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይዞ ወጣ። እንግዲህ ሸክላውም ይዋሻል፤ ቢያንስ ሽፋኑ ይዋሻል። በዚያው ሕንፃ በነበረው በትንሹ አዳራሽ ጁን 4 ቀን 1976 ሴክስ ፒስቶልስ የተባሉት ወጣቶች ሲጫወቱ የነበረው ተመልካች ዐርባ ያህል ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። ነበርሁ የሚለው ሰው ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ ሄዶ ነገሩ በእንግሊዝ አገር መቀለጃ እስከ መሆን ደርሷል።

በዚህ ሁሉ የአፍቃሪውን ምስክርነት ለመናቅ አልተነሣንም። በምን በምን ነገር እንደሚታመን መለየት ይገባል ማለታችን ነው። ስለ አዳራሹ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ወላጆቹ ቁጣ፣ በአጠገቡ ስለ ቆሙት ሰዎች የሚነግረን ነገር ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ይህን የሚመዘግብ ሌላ ማንም አልነበረምና። ስለ ዘፋኙ ጉሮሮ የሚነግረን ግን እጅግ ደካማ ማስረጃ ነው። የሚያሳዝነው ሐያስያን የሚጠቅሱት ይህን ሁለተኛውን መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ እንመለስ። ዕድሜ በድምፅ ላይ የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው። በማንቁርት ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ጡንቻቸው ይሳሳል፤ ለስላሳው አጥንት ይጠነክራል፤ የሳንባው ኀይል ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ከፍተኛው ድምፅ ነው። ሮክ ደግሞ ከሌላው ሙዚቃ ይልቅ በዚያ በከፍተኛው ድምፅ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ዘፋኞቹ በሃያ ዓመታቸው ሳያስቡት የጻፉት ዜማ በስድሳ ዓመታቸው ዕዳ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ኤልተን ጆን በ1987 ጉሮሮውን በቀዶ ጥገና ከታከመ በኋላ ድምፁ ወፍሮ፣ የቀድሞዎቹን ዘፈኖች ዝቅ ባለ ቃና መዝፈን ግድ ሆኖበታል። ከዚያም በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት ዘፍኖ የስንብት ጉዞውን በጁላይ 2023 በስቶክሆልም ጨረሰ።

ይህን ዕዳ እንዴት እንደሚከፍሉት ስናይ ሰዎቹ እጅግ ይለያያሉ፤ ሒስም መጀመር ያለበት ከዚህ ነው ብለን እናምናለን። ሮሊንግ ስቶንስ ከሸክላው ላለመራቅ የሚታገሉ ናቸው። በ1962 የተመሠረተው ይህ የሙዚቃ ጓድ ከበሮ መቺውን ቻርሊ ዋትስን በ2021 በሞት ካጣ በኋላም አላቆመም፤ በ2024 በአሜሪካ ሲዞር ሚክ ጃገር ሰማንያ ዓመቱ ነበር። የጉዞው ደጋፊ የነበረው ኤ.ኤ.አር.ፒ. የተባለው፣ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት ያለፈ አሜሪካውያንን ጥቅም የሚያስጠብቀው ማኅበር ነው። በዚህ የሳቁ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። እኛ ግን የሚያስቅ ነገር አላገኘንበትም፤ ተመልካቹ ማን እንደ ሆነ ደጋፊው በትክክል ዐውቋል። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው በ2019 በልቡ ላይ ከተደረገለት ቀዶ ጥገና በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በመድረክ ላይ ሲሮጥ ማየት የሚያስደንቅ ነገር ነው። ነገር ግን አድናቆቱ ለሩጫው እንጂ ለዘፈኑ መሆኑን አንክድም። «ሳቲስፋክሽን» የተባለው የ1965 ዘፈን በእርሱ አፍ ውስጥ ስድሳ ዓመት አብሮት ኖሮ ምንም አዲስ ነገር አልተማረም።

ቦብ ዲላን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጁን 1988 ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር የኖረው ይህ ሰው የገዛ ዘፈኖቹን ዜማ፣ አካሄድ፣ አንዳንድ ጊዜም ግጥሙን ጭምር ስለሚለውጥ፣ ተመልካቹ ዘፈኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው። ብዙ አፍቃሪዎች በዚህ ተቀይመዋል። እኛ የቅሬታቸው ምክንያት ይገባናል፤ ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው የመጣበትን ነገር ማግኘት ይፈልጋል። የመጣበት ነገር ግን ሸክላው ነው፤ ሸክላው ደግሞ እቤቱ አለ።

ከሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታየው የጆኒ ሚቸል ሥራ ይመስለናል። ይህች ካናዳዊት «ቦዝ ሳይድስ ናው» የተባለውን ዘፈን የጻፈችው በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ነው፤ በ1969 ራሷ ስታስቀርጸው ድምፅዋ ቀጭንና ከፍ ያለ ነበር። ዘፈኑ ኖሮ ዐውቆ ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚናገረው ዓይነት ስለ ሆነ፣ አንዲት ወጣት ሴት ይህን ሁሉ ከወዴት ዐወቀችው የሚያሰኝ ነበር፤ ከተውሶ ልብስ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለበት። በ2000 በትልቅ ኦርኬስትራ ታጅባ እንደ ገና ስታስቀርጸው ሲጋራና ዕድሜ ድምፅዋን አውርደውት፣ የሚጎረብጥና የከበደ ሆኖ ነበር። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትለን ሰማናቸው። በቴክኒክ የሚመዝን ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ አንፈርድበትም። ነገር ግን በሁለተኛው ውስጥ በከፍተኛው ድምፅ መጥፋት የተከፈተው ቦታ ባዶ አይደለም፤ ቃላቱን አዘግይታ ታስቀምጣለች፣ በየመካከሉ ትተነፍሳለች፣ ዜማው እንዲወጣ በሚጠበቅበት ላይ አትወጣም። ልብሱ በመጨረሻ ለባለቤቱ ልክ ሆነ። በ2015 ሚቸል የአንጎሏ የደም ሥር ታሞ እንደ ገና መራመድንና ጊታር መምታትን ለመማር ተገደደች። በጁላይ 2022 በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል በሰባ ስምንት ዓመቷ ተቀምጣ ያንኑ ዘፈን ዘፈነች፤ የወጣትነቷን ዜማ የሚያውቁ ሰዎችም አለቀሱ። ይህን ቅጂ ከ1969ኙ ጋር አወዳድሮ «እንደ ጥንቱ አይደለም» የሚል ሰው እውነት ተናግሯል፤ ነገር ግን ስለ ዘፈኑ ምንም አልነገረንም።

ስለ ሌናርድ ኮኸን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ድምፁ ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ዕድሜ ወዳጁ ሆኖለታል። ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ከመድረክ ርቆ ከቆየ በኋላ በ2008 በሰባ ሦስት ዓመቱ የተመለሰው ለጡረታው ያስቀመጠው ገንዘብ ስለ ጠፋበት መሆኑ የታወቀ ነው። በችግር የተጀመረው ጉዞ እስከ ዲሴምበር 2013 ቀጠለ፤ ብዙዎችም ከወጣትነቱ ትርዒቶች ይልቅ እነዚህን ይመርጣሉ። ገንዘብ ፈልጎ መዝፈን ጥበብን ያዋርዳል የሚሉ ሰዎች ይህን ምሳሌ ቢያስቡበት መልካም ነው።

የሸክላው ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያሳየው ግን የሮበርት ፕላንት ጉዳይ ነው። ሌድ ዜፐሊን የተባለው ጓድ ከበሮ መቺው ጆን ቦነም በ1980 በመሞቱ ተበትኖ ነበር። ዲሴምበር 10 ቀን 2007 የቀሩት ሦስቱ ከሟቹ ልጅ ጋር ሆነው በለንደን አንድ ምሽት ብቻ ሲጫወቱ፣ ለቲኬቱ ከሃያ ሚልዮን በላይ ጥያቄ እንደ ቀረበ ተዘግቧል፤ አዳራሹ የሚይዘው ሃያ ሺህ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ቀጥሉ እያለ ሲለምን ፕላንት እንቢ አለ። በዚያው ዓመት ከአሊሰን ክራውስ ጋር ሆኖ በለሰለሰ ድምፅ የዘፈነበት «ሬይዚንግ ሳንድ» የተባለው ሥራ ወጥቶ ነበርና፣ በ2009 የግራሚን ትልቁን የአልበም ሽልማት ተቀበለበት። አፍቃሪዎቹ እስከ ዛሬ ይቅርታ ያደረጉለት አይመስልም። ሃያ ሚልዮኑ የጠየቁት አንድን የስድሳ ዓመት ሰው አልነበረም፤ በ1971 የተቀረጸውን የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር።

ይህ ጥያቄ በሰው ሊመለስ ባይችልም በመሣሪያ መመለስ ጀምሯል። ጁን 25 ቀን 2022 በእንግሊዝ አገር በግላስተንበሪ ፖል ማካርትኒ ሰማንያ ዓመት በሞላው በሳምንቱ ሲዘፍን፣ በ1969 በጣራ ላይ ከተነሣው ፊልም ተለይቶ የወጣው የጆን ሌነን ድምፅና ሥዕል በመጋረጃው ላይ ታየ፤ ሽማግሌው ከሃያ ስምንት ዓመቱ ጓደኛው ጋር ተቀባብሎ ዘፈነ። ስለ እውነቱ ከሆነ የማካርትኒ ድምፅ በዚያ ምሽት ደክሞ ነበር። ሁለቱ ድምፆች ጎን ለጎን ሲሰሙ ግን የደከመው ድምፅ ነው ጆሯችንን የያዘው፤ ሞቶ የማያረጀው ድምፅ ምንም ሊደርስበት አይችልምና። በዚያው ዓመት በሜይ ወር አባ የተባሉት አራት ስዊድናውያን በለንደን ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ሦስት ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ የ1979 መልካቸውን በኮምፒዩተር ሥዕል አቀረቡ። አጃቢዎቹ ሕያዋን ናቸው፤ ዘፋኞቹ ብርሃን ናቸው። ኪስ የተባለው የአሜሪካ ጓድም ዲሴምበር 2 ቀን 2023 በኒው ዮርክ የመጨረሻውን ትርዒት አድርጎ ሲጨርስ፣ ወደ ፊት እንዲሁ በሥዕል እንደሚቀጥል በዚያው መድረክ ላይ አስታወቀ። ሰዎቹ ድሮም ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው የሚጫወቱ ስለ ነበሩ ልዩነቱ ከሌሎቹ ይልቅ በእነርሱ የሚያንስ ሳይሆን አይቀርም።

ሸክላና ትዝታ በአድማጩና በዘፋኙ መካከል ባይገቡ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበረ ለማየት የሚረዳን ምሳሌ የተገኘው ከራሳችን ሰው ነው። አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ተወልደው፣ ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጡ ታላቅ የሙዚቃ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ዓመት ሲቃረብ ዘ ኤክስ ከተባለው በ1979 ከተመሠረተው የሆላንድ የሮክ ጓድ ጋር ተገናኙ፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን ሥራ አብረው አወጡ፣ በአውሮጳና በአሜሪካም ዞሩ። ሆላንዳውያኑ ጊታሩን እንደ ልማዳቸው አስጮኹት፤ እሳቸውም አልለሰለሱም። በአምስተርዳም ወይም በኒው ዮርክ ቆሞ የሚሰማው ወጣት ከወጣትነቱ ጋር የተሳሰረ የጌታቸው ሸክላ አልነበረውም። ስለዚህ «እንደ ጥንቱ ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ጥያቄ በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ የነበረው ፊት ለፊት የቆመው ሽማግሌና የሚያወጣው ድምፅ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ቢሆን ግን የዕድሜ ጓደኞቻቸው ከቀድሞው ጋር ማመዛዘናቸው አይቀርም ነበር። ሁለተኛው የጋራ ሥራቸው በ2012 ሲወጣ «የአንበሳው ትዝታ» ተባለ፤ ትዝታው የአንበሳው እንጂ የአድማጩ አለመሆኑን ልብ እንበል። እሳቸው በ2016 ዐረፉ።

በመጨረሻ ሚዛናችን የማይሠራበትን ጉዳይ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ጁላይ 5 ቀን 2025 ኦዚ ኦዝቦርን ባደገበት ሠፈር አጠገብ በሚገኘው በበርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ስታዲየም ዐርባ ሺህ ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ተሰናበተ። በፓርኪንሰን በሽታ ምክንያት ቆሞ መዝፈን ስላልቻለ በጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነበር። በ1968 አብረውት የጀመሩት ሦስቱ የብላክ ሳባት ጓደኞቹ ከብዙ ዓመት በኋላ ተሟልተው አጀቡት፤ ገቢውም ለፓርኪንሰን ምርምርና ለሕፃናት ሕክምና እንዲሆን ተብሎ ነበር። ከዐሥራ ሰባት ቀን በኋላ በሰባ ስድስት ዓመቱ ሞተ። ድምፁ አንዳንዴ ከዜማው ይወጣ ነበር፤ ወደ ዜማው የሚመልሰውም የሕዝቡ ድምፅ ነበር። ይህን በሙዚቃ ሒስ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ የሰው ስንብት ነበረና። ይሁን እንጂ ሐያሲ ሊሠራው የሚችል አንድ ሥራ ከዚያ ምሽት ቀርቶለታል። ትርዒቱ በተካሄደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለ ተሰራጨ፣ በስቱዲዮ ገብቶ የዘፋኙን ድምፅ ለማቃናት ጊዜ ሳይኖር ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። በስታዲየሙ የነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹም ያንኑ ጓድ በ1970 በትናንሽ አዳራሾች ያዩት ናቸው። ድምፁ እንዴት እንደ ነበረ አሁን ተጠይቀው መልሳቸው ቢጻፍ፣ ከዐሥር ዓመትም በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደ ገና ቢጠየቁ፣ የሰው ትዝታ ከሸክላ ጋር እንዴት እንደሚደባለቅ በአሳብ ሳይሆን በማስረጃ ሊታይ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው መዝገብና ትዕግሥት ነው፤ መጠይቁ ግን መጀመር ያለበት ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ነው።